ቀለሙ ያበጠ፣ ጎማው የሚተነፍስ አሮጌ የአሉሚኒየም ቸርኬ፦ ለአንድ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ መምህር ነኝ። ከቤልጂየም የገባች አሮጌ ቶዮታ ያሪስ አለችኝ። የአሉሚኒየም ቸርኬዎቿ ቀለም እያበጠ ይላጣል፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ትል የሄደበት የሚመስል መስመር አለ። የፊት ግራው ጎማ በየሳምንቱ ይተነፍሳል። ጎሚስታው ካላማዳሪ እናስገባበት ይላል። አንድ ወዳጄ በኮስቲክ ሶዳ አጥበህ እንደ መስታወት አስወልውለው አለኝ። ላቫጆ ያሉት ልጆች በአሲድ ሲያጥቡት ለጊዜው ያበራል። ይታደሳል ወይስ ሌላ ልግዛ?»

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ባሕር ዳር ቸርኬ በማደስ ነው የምተዳደረው፤ እንደ እርስዎ ያሪስ ከአውሮፓ የገባ መኪና በየጊዜው ይመጣልኛል። ከነገሩኝ ምልክት ተነሥቼ ስፈርድ፣ ስንጥቅ ከሌለባቸው ይታደሳሉ። ሥራው የሚጀመረው ግን ከሚተነፍሰው ጎማ ነው። የተላጠ ቀለም ዓይን ያስቀይማል፤ የሚተነፍስ ጎማ ሰው ይገድላል።

ካላማዳሪውን እምቢ ይበሉ። የመኪናዎ ጎማ ያለ ካላማዳሪ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ አየሩ የሚያዘው የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ በመቀመጡ ነው። ካላማዳሪ ሲገባበት ከጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ይሞቃል፤ የተቀደደ ዕለት ቀስ ብሎ አይተነፍስም፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚጨርሰው። ይህ ከተማ ውስጥ ሲደርስና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሲደርስ አንድ አይደለም። ደግሞም በሽታው ከሥር እየበላ እርስዎ የዳነ ይመስልዎታል።

መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ይለዩ። ጎማውን በደንብ ያስነፉና የሳሙና አረፋ በስፖንጅ ይዘው ቫልቩን፣ ቀጥሎ ጎማው ቸርኬውን የሚነካበትን ዙሪያ በሁለቱም ወገን ያርጥቡ። ቫልቩ ላይ ካረፋ ዕድለኛ ነዎት፤ ቫልቭ ቀይሮ መገላገል ነው። እኔ የምጠረጥረው ዙሪያውን ነው። ሊፈላ እንደ ጀመረ የጠላ ጥንስስ ጥቃቅን አረፋ ብቅ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ጎማው ሲፈታ እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ቅርፊት ያገኛሉ። ቅርፊቱ የጎማውን ጠርዝ ከቸርኬው ገፋ አድርጎ ለአየሩ መንገድ ከፍቶለታል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቅርፊቱን በጠንካራ ፕላስቲክ ማንሣት፣ በ180 ከዚያም በ320 ብርጭቆ ወረቀት ጥፍር ሲያልፍበት እስከማይሰማ ድረስ መፋቅ፣ በአልኮል ማጽዳትና ስስ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ ቅብ) መቀባት ነው። እዚህ ቦታ ስቱኮ አይግባ፤ ጎማው ሲገጠም ተሰባብሮ ይወድቃል።

ነጩን ዱቄት በተመለከተ፦ ብረት ሲዝግ ይቀላል፣ አሉሚኒየም ሲዝግ ይነጣል። አሉሚኒየም ገና እንደ ተፋቀ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውፍረቱ በናኖሜትር የሚቆጠር ቆዳ ያበጃል። ቆዳው ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል፤ ድስታችን ስንት ዓመት ተጥዶበት ሳይዝግ የሚኖረው በዚህ ነው። ነገር ግን ቆዳው የሚጸናው የአሲድና የአልካሊ መለኪያው ፒኤች ከ4 እስከ 8.5 ገደማ በሆነ ነገር ውስጥ ሲሆን ነው። ከዚያ ወደ አሲዱም ወደ አልካሊውም ወገን ሲያልፍ ይሟሟል። እናቶቻችን የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲፈትጉት የሚጠቁረውም አመድ ከውኃ ጋር አልካሊ ስለሚሆን ነው። ሦስተኛው ጠላት ጨው ነው፤ ክሎራይዱ ቆዳውን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። እኛ አገር መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፤ እነ ቤልጂየም ግን በብርዱ ወራት በረዶ ለማቅለጥ ይበትናሉ። መኪናዎ በሽታውን ከዚያው ይዛው የመጣች ይመስለኛል፤ የጎጃም ክረምትና የላቫጆው አሲድ ደግሞ አባባሱት።

ትል የሄደበት የመሰለዎት መስመርም የዚሁ ልጅ ነው። ጠጠር ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ክሊሩን፣ ማለትም ከላይ ያለውን መስታወት መሳይ ሽፋን፣ ሲጭረው እርጥበትና ጨው በጭረቱ ይገባሉ። ከዚያ ዝገቱ ልክ ጓሮ እንደ ገባ ፍልፈል ከላይ ያለውን ከፍ እያደረገ በክሊሩና በአሉሚኒየሙ መካከል ይሄዳል። የሚሠራው ጫፉ ነው፤ ከኋላው ያለው የሞተ ዱቄት ነው። ስለዚህ ያበጠውን ብቻ ፍቆ መቀባት የፍልፈሉን ጉድጓድ ደፍኖ ፍልፈሉን እውስጥ መተው ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ይወጣል። እኔ ከሚታየው መስመር ጫፍ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር አልፌ፣ ደኅና የሚመስለውን ክሊር ጭምር አነሣለሁ። ፊታቸው በቶርኖ ተልጎ የሚያብረቀርቅ ቸርኬዎች ላይ ይኸ ነገር ይበዛል፤ የተላገው ጠርዝ ስለታም ስለሆነ ክሊሩ እዚያ ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል።

ወዳጅዎ ኮስቲክ ሶዳውን የመከሩዎት በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የቀለም ማስለቀቂያ አጥቼ ኮስቲክ ሶዳ በፕላስቲክ በርሜል በጠበጥኩና የደንበኛ ቸርኬ ነከርኩበት። ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሣ፤ ደስ አለኝ፣ ምሳ ልበላ ሄድኩ። ስመለስ በርሜሉ በእጅ አይነካም፣ አረፋው አፉን ሞልቶ ይወርዳል፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጉም ወጥቷል። ቸርኬውን በእንጨት ጎትቼ ሳወጣው ከሰል መስሏል። ቸርኬ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ 7 በመቶ ገደማ ሲሊከን ካለበት አሉሚኒየም ነው፤ ሶዳው አሉሚኒየሙን በልቶ ሲሊከኑን እንደ ጥላሸት ትቶታል። ጥቁሩን ሳጥበው ፊቱ ፈንጣጣ የወጣበት መስሎ ተበሳስቷል፤ የዳዶዎቹ መቀመጫ ሳይቀር ተበልቷል። ለባለቤቱ ሌላ ገዝቼ ተካሁ። በኋላ ሳስበው ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ከበርሜሉ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነበር፣ አጠገቡ የከሰል ምድጃ ነበረ።

የላቫጆው አሲድ የሚያበራው የፍሬን ሸራ ዱቄቱንና የላይኛውን ቆዳ አብሮ ስለሚያነሣ ነው። ልጆቹ የሚጠቀሙበትን ለማወቅ ለእርስዎ አይከብድዎትም፦ ከትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ መምህር ሁለት ቅጠል ሊትመስ ወረቀት ይለምኑ። ሰማያዊው ከቀላ አሲድ ነው፣ ቀዩ ሰማያዊ ከሆነ አልካሊ ነው፤ ሁለቱም ለቸርኬ አይሆኑም። ለልጆቹም ይንገሩልኝ። አንዳንዱ የቸርኬ ማጠቢያ ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለ፤ ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፣ ግን በቆዳ ሰርጎ እስከ አጥንት ይደርሳል። በባዶ እጃቸው ሲያሹት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። እንደ መስታወት ማስወልወሉን አልመክርዎትም። ያምራል፣ አልክድም፤ እኔም ለሠርግ መኪና ሠርቻለሁ። ነገር ግን ራቁቱን የተተወ አሉሚኒየም ክረምት ላይ በጥቂት ሳምንት ይደበዝዛል፤ እርስዎ ደግሞ ፈተና ማረም ትተው ፖሊሽ ሲያሹ መክረም የለብዎትም። ክሊር ልቀባበት ቢሉ፣ እንደ መስታወት በለሰለሰ ነገር ላይ ክሊር የሚቆነጥጥበት ስለማያገኝ ቶሎ ይላጣል። ለመንገዳችን የሚሆነው ፕራይመር፣ ሲልቨር ቀለምና ክሊር ነው።

ጎማው ከቸርኬው ይፈታ። ጎማውን በወረቀት ሸፍኖ የሚቀባ ሰው ካጋጠመዎት ይተዉት፤ በሽታው ያለበት ጠርዝ ከወረቀቱ ሥር ነው የሚቀረው። ቸርኬውን በፈሳሽ ሳሙና ከፊትም ከጀርባም አጥበው፣ የላላውን ቀለም በማስለቀቂያ ያንሡ፤ ደጅ ላይ፣ በጓንትና በመነጽር። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ነው፦ በ120 ዝገቱ እስኪጠፋ፣ በ180፣ በ240፣ በመጨረሻ በ320 እያረጠቡ። ነጭ ነጥብ እስካለ ድረስ ወደሚቀጥለው ቁጥር አይለፉ። በጣት ጫፍ የማትሞላ አንዲት ነጥብ ከቀረች ሥራው ሁሉ ከዚያች ነጥብ ይበላሻል። የብረት ብሩሽና የድስት መፈተጊያ ሽቦ በፍጹም አይንኩበት። የብረት ብናኝ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰካና ከቀለሙ ሥር ይዝጋል፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ ደግሞ እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ይበላል። ብረት የተሞረደበት የግራይንደር ድንጋይም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ፣ ቀለም ከመነካቱ በፊት፣ ስንጥቅ ይፈልጉ። መሣሪያው ጠመኔና ነጭ ጋዝ ነው፤ ጠመኔ ከእርስዎ ቤት አይጠፋም። ጠመኔውን አድቅቀው በጥቂት አልኮል በጥብጠው በተጠረጠረው ቦታ ላይ ከአንድ ወገን ይቀቡትና ይድረቅ። በሌላው ወገን ነጭ ጋዝ በብሩሽ ደጋግመው ይቀቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ስንጥቁ ወዲያ ማዶ ያለፈ ከሆነ በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጠቆር ያለ መስመር እየረጠበ ይወጣል። በብዛት የሚሰነጠቀው ጉድጓድ ሲመታ የሚጎብጠው የውስጠኛው ከንፈር ነው፤ ከመሐሉ ወደ ዙሪያው ለሚዘረጉት ክንዶች እንኳ የፊቱንና የጀርባውን ሥር በፀሐይ ብርሃን በዓይን መመርመር ይሻላል፣ ጋዙ በወፍራም ቦታ አያልፍምና። ስንጥቅ የተገኘበትን ቸርኬ እኔ አልቀባም። በያጁም አይጠገንም፤ ቸርኬ ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ከተቀረጸ በኋላ በ540 ዲግሪ ገደማ ሞቆ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ እንደገና በመጠኑ ሞቆ ነው ጥንካሬውን የሚያገኘው፣ በያጁ ደግሞ ያንን ጥንካሬ እዚያው ቦታ ላይ ያጠፋዋል። የጎበጠውን በእሳት አግሎ በመዶሻ ማቅናትም ያው ነው፤ አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት አይቀላም፣ ስለዚህ መዶሻ የያዘው ሰው የት እንደ ደረሰ በዓይኑ አያውቅም።

ጠርዝ ላይ ያለ ጥልቀት የሌለው ጭረት በኤፖክሲ ስቱኮ ይሞላል። ስቱኮው የሚቀመጠው በንጹሕ አሉሚኒየም ወይም በኤፖክሲ ፕራይመር ላይ ነው፤ አሲድ ያለበት ፕራይመር ላይ ከተቀመጠ በደንብ ሳይደርቅ ቆይቶ ይነሣል።

ፕራይመር ከመቀባትዎ በፊት አንድ ፈተና አለ፤ ተማሪ ብሆን በዚህች ብቻ ነበር የማልፈው። ንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከሸፈነው ቸርኬው ንጹሕ ነው። እንደ ጎመን ቅጠል ላይ ጤዛ ክብ ክብ ከሆነ ቅባት አለበት፤ ይመለሱና ያጽዱ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ወዝ በቂ ነው። አድርቀው፣ በነጭ ጨርቅና በአልኮል ጠርገው፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲመለስ በዚያው ሰዓት ኤፖክሲ ፕራይመሩን ይቀቡ። ነገ እቀባዋለሁ ብሎ ማሳደር የለም።

አየሩ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎጃም ውስጥ ደጅ ላይ ቀለም የሚረጭ ሰው ውኃ ነው የሚቀባው። ከጥቅምት በኋላ ይሻላል። ያን ጊዜም ቢሆን ቸርኬው ሌሊት ቀዝቅዞ ያድርና ጠዋት ያልበዋል፤ እኔ ዘንድ የጣና እርጥበት ይብሳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አልጀምርም፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ክሊር አልነካም። የኮምፕሬሰሩን ውኃ ያስወጡ፣ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ያርጥቡ። ሲልቨሩ ስስ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ አሥር ደቂቃ እየጠበቁ። ክሊሩ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ይሁን፤ በጣሳ የሚሸጠው ተራው ስፕሬይ የፍሬን ዱቄትና ነዳጅ አይችልም። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ግን አስም ያመጣል፤ የወረቀት ማስክ አያግደውም፣ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ይህን ማስክ ካላገኙ ክሊሩን ለባለሙያ ይስጡ፤ ፍቆ ማዘጋጀቱን ራስዎ ከሠሩት ዋናውን ሠርተዋል።

የዳዶዎቹን መቀመጫና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበትን ጠፍጣፋ ጀርባ አይቀቡ። ቀለም ዳዶው ሥር ከገባ ሲደቅቅ ዳዶው ይላላል። ክሊሩን ሳምንት ያስደርቁ፤ ጎማ ሲገጠምም ሳሙና እንዲበዛበት፣ የማሽኑ ጥፍር የፕላስቲክ ሽፋኑን እንዲያደርግ ቆመው ያስጠብቁ። ሳምንት ሙሉ የተለፋበትን አንድ ጎሚስታ በአንድ ደቂቃ ሲጭረው ስንቴ አይቻለሁ። ለባላንስ በመዶሻ ተመትቶ ጠርዝ ላይ የሚነክሰውን እርሳስ ትተው ከውስጥ የሚለጠፈውን ይጠይቁ። ቸርኬው የሚያርፍበትን የመኪናውን የብረት ፊት ከዝገት አጽድተው መሐል ያለው ቀለበት ላይ ብቻ በጣም ስስ ግሪስ ያስነኩ፤ ቡሎኖቹ ላይ አይደለም። አራቱ ዳዶዎች ተሻጋሪ በሆነ ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 103 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ይታዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው፦ ለስላሳ ሳሙና፣ ውኃ፣ ለቸርኬ ብቻ የተለየ ስፖንጅ፣ ሁልጊዜ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ። የዓባይን በረሃ ወርደው ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ከፍሬኑ የሚወጣውን ሽታ ያውቁታል። አንዳንድ ሾፌር እዚያው ጀሪካን ውኃ ያፈስበታል፤ ዲስኩ ይጣመማል። ቆሞ ማስቀዝቀዝ፣ ሲወርዱም በፍሬን ፋንታ በከባድ ማርሽ መያዝ ነው፤ ቸርኬ ላይ የሚጋገረው የሸራ ዱቄትም በዚያው ይቀንሳል። በየሁለት ሦስት ወሩ፣ በተለይ ሰኔ ሳይገባ፣ የመኪና ሰም ይቀቡ። የማር ሰም አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝ የዳንግላ ሰው ነበር፤ የማር ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ የሞቀ ፍሬን አጠገብ ቀልጦ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል።

ሌላ ልግዛ ወይ ላሉት፦ ጠመኔው ላይ መስመር ካልወጣ፣ ክንዶቹም ደኅና ከሆኑ አይግዙ። ካልሆነ ግን አሮጌ ቸርኬ ሲገዙ አዲስ ከተቀባው ይልቅ ቀለሙ የተላጠውን ይምረጡ፤ የተላጠው የሚደብቀው ነገር የለም። ዳዶዎቹ ከአዲሱ መቀመጫ ጋር መግጠማቸውንም ይዩ፤ የሾጣጣና የጠፍጣፋ ዳዶ መቀመጫ ይለያያል። የተሰነጠቀውን ደግሞ ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት ከንፈሩን በመጋዝ ይቁረጡት። ድስት ሠሪዎቹ ለማቅለጥ እንደሆነ ቁራጩንም ይገዙታል፤ ሙሉውን ከሰጡት ግን ሲልቨር ተረጭቶበት የሌላ ሰው መኪና ላይ ያገኙታል።